በፌስታል የመጡት ዓሦች

ካርቱም፣ ጀሪፍ
ግንቦት 1999 ዓ.ም.

ውድ ዛኪር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ልትረዳው የሚገባህ ነገር ይህ ነው፤ የሲት ሉጥፊያን ዓሦች የገደለችው ሙኒያ አይደለችም። የገደልካቸው አንተ ነህ። ይህን አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሙኒያም ታውቃለች። የማታውቀው ሲት ሉጥፊያ ብቻ ናት፤ የሙኒያን ፓስፖርት ቆልፋ የያዘችው ደግሞ እሷ ናት።

የኔን ስልክ ስለማታነሳ ጽፌ በሰው እጅ ልልክልህ ተገደድኩ። ፖርት ሱዳን ከገባህ በኋላ እዚህ የሆነውን ሁሉ ላታውቅ ትችላለህ። ከመሄድህ በፊት የሆነውን ግን ረሳሁት ብትለኝ አላምንህም።

ሙኒያን እዚያ ቤት በሠራተኝነት ያስገባሃት አንተ ነህ። «እህቴ በሏት፣ ለሷ እኔ አለሁ» ብለህ ለሲት ሉጥፊያ ስታስረክባት እኔም ነበርኩ። አኳሪየሙንም የሸጥክላቸው አንተ ነህ። ሲት ሉጥፊያ የገዛችው ለጌጥ አልነበረም፤ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው እናቷ፣ ሁላችንም ሐቦባ የምንላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ከሚያዩ የሚንቀሳቀስ ነገር ይዩ ብላ ነው። አንተም እነዚያን ጥቁር መስመር ያላቸውን፣ ክንፋቸው እንደ ሸራ የሚዘረጋ ጠፍጣፋ ዓሦች አመጣህ። ምርጫህ ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን «ይለምዳሉ» ብለህ ወጣህ፤ አልለመዱም።

የደወለችልኝ ሙኒያ ናት። «እትዬ ብርቅነሽ፣ ከማጣሪያው ጀርባ ተለጥፈው አይወጡም። መስመራቸው ነጥቷል፤ ምግብም አይነኩም። ሐቦባ ደግሞ ዓሦቹ የታሉ እያሉ ይጠይቁኛል» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። ገንዳው የተቀመጠው በሩ ፊት ለፊት ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይበረግጋሉ። ለጥየቃ የሚመጡት ሕፃናት መስታወቱን በጣታቸው ይቆረቁራሉ። መብራቱ ሲበራ ይውላል፣ ሲበራ ያድራል። ውስጡ ከጠጠር በቀር የሚሸሸጉበት የለም። አንድ ዓሣ የሚደበቅበት ሲያጣ ነው የሚደነግጠው፤ መደበቂያ ካለው በራሱ ጊዜ ይወጣል። ይህን አንተ ከኔ የተማርከው ገና ጢም ሳታወጣ ነው።

እኔና ሙኒያ ውሃውን ቀንሰን ገንዳውን ወደ ሐቦባ አልጋ ጥግ አዞርነው። ጀርባውንና ጎኖቹን በሙኒያ አሮጌ ሻሽ ጋረድን። የተሰበረ የዚር፣ የውሃ ጋን፣ ገል አጥበን ዋሻ ሠራንላቸው። መብራቱ እንዲጠፋ፣ ምግቡ ጥቂት ብቻ ሆኖ ሁልጊዜ በአንድ ጥግ እንዲሰጥ፣ የተረፈው እንዲወጣ፣ ማንም መስታወት እንዳይነካ ነገርኳት። አንዱንም አላጎደለችም። ልጆቹን እንኳ «ዓሦቹ ተኝተዋል» እያለች ከደጅ ትመልሳቸው ነበር። ቀስ በቀስ መስመራቸው ጠቆረ፣ ወደ ፊት ወጡ። ሐቦባ ትልቁን ዓሣ «ዑምዳው»፣ የመንደሩ ሹም፣ ብለው ስም አወጡለት። «ሙኒያ፣ ዛሬ ዑምዳው ቆጣ ብሏል፤ ቁርሱን አዘግይተሽበታል» ይሉ ጀመር። ሲት ሉጥፊያ «እናቴ ከታመመች ወዲህ ስትቀልድ ስሰማ ገና አሁን ነው» ብላኛለች።

ከዚያ አንተ ልትሄድ ተነሣህ። ሲት ሉጥፊያ ገንዳው ባዶ ይመስላል፣ ጥቂት ጨምርበት አለችህ። አንተም በመሄጃህ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ከሱቅ በፌስታል ይዘህ በሪክሻ መጣህ። የተባባላችሁትን ሙኒያ ነግራኛለች። ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ እኔ ነኝ ያስወጣኋት።

«ዛኪር፣ ለብቻቸው በሌላ ዕቃ አይቆዩም እንዴ? እትዬ ብርቅነሽ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚሉት።»

«ቲቸር ጡረታ ወጥተዋል፤ ጊዜ አላቸው። እኔ አውቶቡስ አለብኝ። ያላ፣ ክዳኑን አንሺ!»

«ፌስታሉ እኮ ይፋጃል።»

«አንቺ ደግሞ የዓሣ ሐኪም ሆነሻል! ቢስሚላህ በይና አንሺ።»

ከነውሃው ገለበጥከው።

እኔ ቤት ሁለት ገንዳ ነበር፤ ትልቁ የነዋሪዎቹ፣ ትንሹ የእንግዶቹ። ምንም ዓይነት ዓሣ፣ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢመስል፣ በትንሹ ገንዳ ሳምንታት ሳይቆይ ወደ ትልቁ ገብቶ አያውቅም። ይህን ክፍል ውስጥ ስነግራችሁ «ቲቸር፣ ዓሣም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሳይወጣለት አይገባም?» ብለህ ቀልደህብኝ ክፍሉን ሁሉ አስቀሃል። እኔም ስቄያለሁ። ቀጥሎ ግን ምክንያቱን አስረድቼሃለሁ፤ በሽታ ከእንግዳው ጋር ሲመጣ ወዲያው አይታይምና። ፌስታሉ ሳይፈታ ገንዳው ላይ ተንሳፎ ሙቀቱ እንዲስተካከል፣ የገንዳው ውሃ በስኒ ቀስ እያለ እንዲጨመርበት፣ ዓሣው በመረብ ተይዞ እንዲገባ፣ የሱቁ ውሃ ግን እንዲደፋ አሳይቼሃለሁ። ነባሮቹ ቦታው የኛ ነው ብለው እንዳይጣሉ ድንጋዩ አስቀድሞ ይቀያየራል፣ መብራት ይጠፋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጠባያቸው ይታያል። ያመጣሃቸው እነዚያ ቢጫዎች እረፍት የሌላቸው፣ የሌላውን ክንፍ የሚነጩ ናቸው። ክንፈ ረጅሞቹ ዘንድ እንደማይገቡ ለሌላ ደንበኛ ስታስረዳ በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ስለዚህ አላወቅኩም ልትለኝ አትችልም። ያላወቀ ተማሪ አናድዶኝ አያውቅም፤ ያናደደኝ እያወቀ የሚያደርግ ነው።

የሆነው መሆን ያለበት ነው። ቢጫዎቹ የነባሮቹን ክንፍ ነጩት፤ ነባሮቹ ተመልሰው ገሉ ሥር ገቡ። ቀጥሎ የጨው ፍንጣቂ የመሰለ ነጭ ነጥብ መጀመሪያ ቢጫዎቹ ላይ፣ ኋላ ሁሉም ላይ ወጣ። ከአንድ ቢጫ በቀር በየተራ ሞቱ። ዑምዳውም ሐቦባ እያዩት ተገለበጠ። እኔ በዚያ ሰሞን በወባ ተኝቼ ነበር። ሙኒያ የደወለችው ለአንተ ነው፤ «ይድናሉ፣ አትጨነቂ» አልካት። ሲት ሉጥፊያ ሙኒያ ያጠበችው መታጠቢያ ቤት በረኪና በረኪና ሲሸታት ጊዜ ዓሦቹን በረኪና ገደላቸው ብላ ሙኒያን ጠረጠረች። በለበሰችው ልብስ ከቤት አስወጣቻት።

ከአልጋዬ እንደ ተነሣሁ ወደ ሲት ሉጥፊያ ሄድኩ።

«ኡስታዛ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው፤ የሷን ነገር ግን አታንሺብኝ» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

በረኪና ቢሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጨርሳቸው እንደ ነበር፣ ተራ እየጠበቀ እንደማይገድል፣ ነጭ ነጥብም እንደማያወጣ ነገርኳት። በሕይወት የቀረውን አንዱን ቢጫ ዓሣ ወደ መስታወቱ ሲጠጋ ነጥቦቹን አሳየኋት።

«አንቺ የሀገሯ ሰው ነሽ፤ በሷ ላይ ትመሰክሪያለሽ?»

«አጥፍታ ቢሆን እመሰክር ነበር።»

ከአልጋቸው የሐቦባ ድምፅ መጣ፤ «ሙኒያ ወይን? የታለች?» እያሉ ይጠራሉ። ሲት ሉጥፊያ ዓይኗን ጨፈነች። «ይኸው እንዲህ ነው የምትውለው» አለችኝ። «እኔ ሰው መበደል አልፈልግም፣ ኡስታዛ። ዛኪርን እንጠይቀው። ዓሦቹንም ያመጣው፣ ልጅቷንም ያመጣት እሱ ነው። ታመው ነበር ካለኝ ፓስፖርቷን አሁን እሰጥሻለሁ፤ ራሴ መጥቼም ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

ደስ አለኝ። ታስበዋለህ? አለቀ ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። እሷ ስትደውል ወዲያው አነሣህ። ድምፅህ ለሁላችን እንዲሰማ ከፍ አደረገችው።

«ሲት ሉጥፊያ፣ የኔ ዓሦች ንጹሕ ነበሩ፣ ወላሂ» አልክ። «ልጅቷ በረኪና የነካ እጇን አስገብታ ይሆናል። አዲስ ናት፤ እነሱ ምን ያውቃሉ?»

እዚያ መቆሜን አታውቅም ነበር፤ አሁን እወቅ። ዝም ብትል ፈራ እል ነበር። አንተ ግን ማልክ፣ ከማልክ በኋላ ደግሞ እህቴ ያልካትን ልጅ «እነሱ» አልካት። አንተ ከነማን ሆነህ ነው? ሲት ሉጥፊያ ስልኩን ዘጋች፣ በር ድረስ ሸኘችኝ።

ሙኒያ አሁን እኔ ዘንድ ናት። ወረቀት ስለሌላት ከሻ፣ የፖሊስ አፈሳ፣ ይይዘኛል ብላ ሱቅ እንኳ አትወጣም። በሩ ሲንኳኳ ከመጋረጃ ኋላ ትገባለች። ሲት ሉጥፊያ በመጪው ሐሙስ እናቷን ለሕክምና ወደ ካይሮ ትወስዳለች፤ ከመሄዷ በፊት ፓስፖርቱን ከክስ ጋር ለፖሊስ አስረክባለሁ ብላለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ላንተ አልዘረዝርም። ማዮ ሰፈር ከሻ ሲገባ አይተሃል።

ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ማን እንደ ለመነኝ ታውቃለህ? «ተይው እትዬ፣ እንጀራው ነው፤ ሁለተኛ ማን ቤት ያስገባዋል?» እያለች ወረቀቱን ከፊቴ አነሣችብኝ። ለራሷ መውጫ የሌላት ልጅ ላንተ እንጀራ ታስባለች። ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

የምትፈራው ይገባኛል። የሲት ሉጥፊያ እህቶችም ደንበኞችህ ናቸው፤ ስትመለስ በራቸውን እንዳይዘጉብህ ትፈራለህ። አንዳንዶቹ ይዘጉብህ ይሆናል። ይህን አላቀልልህም። ነገር ግን አንተ የምታጣው ደንበኛ ነው፤ ሌላ ታገኛለህ። ሙኒያ የምታጣውን ከየት ታገኘዋለች? የሞቱትን ዓሦች ከራሴ ገንዳ ልተካ ብያት ነበር፤ ሲት ሉጥፊያ «እኔ ዓሣ አልጠፋብኝም፤ ማንን እንደማምን ነው የጠፋብኝ» አለችኝ። ይህን ከአንተ በቀር የሚመልስላት የለም።

ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰህ ለሲት ሉጥፊያ ደውል። ዓሦቹን ለብቻ ሳላቆይ አስገባሁ፤ በሽታው ከነሱ ጋር መጣ፤ ሙኒያ ከልክላኝ ነበር፤ ዋሽቼሻለሁ፤ በላት። አውቶቡሱን፣ ሙቀቱን፣ መቸኮልህን አትጨምርበት።

ደብዳቤውን ያመጣልህ ዳውድ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ነገ ጠዋት ወደ ካርቱም ይመለሳል። እባክህ ባዶ እጁን አትስደደው። ደውለህ እንደ ሆነ ወይም እንዳልደወልክ በገዛ እጅህ ጽፈህ ስጠው። ከሐሙስ በፊት መልስህ ይድረሰኝ፤ እየጠበቅኩህ ነው።

መምህርትህ
ብርቅነሽ