ወንድምሽ ያለባቸው ሁለት ዲስኮች

የዓይኔ ብርሃን ልጄ፣ አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፤ የአባትሽ ሳል ግን አለቀቀውም።

ከመሄድሽ በፊት ወንድምሽን የቀረጽሽበት የቪዲዮ ካሴት ሊበጠስ ደርሷል። አባትሽ ምሳ በበላ ቁጥር ይከፍተዋል። ወንድምሽ "እማዬ፣ ነይ እዪኝ" ሲል፣ እኔ ከወጥ ቤት "መጣሁ" እላለሁ።

ቪዲዮ ቤት ወሰድነው። ባለቤቱ ጥራት ባለው ዲስክ እገለብጠዋለሁ አለን፤ ዲስኩ ግን ሁለት ዓይነት ነው፣ የአንዱ ማጫወቻ ሌላውን አያጫውትም።

"የቱ ይሻላል?" አለ አባትሽ።

"አባባ፣ ሁለቱም ገና ገበያ ላይ እየተፎካከሩ ነው። አንዱ መሞቱ አይቀርም፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም።"

አባትሽ ካሴቱን ብብቱ ውስጥ ከተተና "ልጄን ሁለቴ አልቀብርም" ብሎ ወጣ። እናስገልብጠው ብለው እምቢ አለኝና ስንት ቀን ተኳርፈን ከረምን። በኋላ እሱ ሲተኛ ካሴቱን ወስጄ በሁለቱም ዓይነት አስገለበጥኩት። አንዱ እዚህ አለ፤ ሌላውን በጎረቤታችን ልጅ ልኬልሻለሁ። ማጫወቻውን እዚያ ፈልጊለት። አንደኛው ቢጠፋ እንኳ ወንድምሽ ከሁለታችን ባንዳችን ቤት ይኖራል።

አደራሽን፣ ብቻሽን ሆነሽ አትክፈቺው። በዲስኩ ምስሉ ጥርት ብሏል፤ ያኔ አብረነው ስንስቅ ያላየነው ሕመም ፊቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የሱን ቀሪ ዕድሜ ላንቺ ይጨምርልሽ።

እናትሽ