በመሥሪያ ቤትዎ ስለተመዘነው ድምፅ ማጉያና ስለ አባቴ ጆሮ

ለድምፅ መሣሪያዎች ጥራት ምዘና ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣
ባሉበት

«ይህንንማ ደንቆሮ እንኳ ይሰማዋል!»

ክቡር ሆይ፣ ይህ ቃል የእኔ አይደለም። የመሥሪያ ቤትዎ ከፍተኛ መዛኝ በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ፣ የሰው ቁመት ካላቸው ሁለት ጥቁር ሣጥኖች ፊት ቆመው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ለባልደረባቸው ሲናገሩ ከኋላቸው ሆኜ የሰማሁት ነው። መሃል ላይ ያለችው ስም እኛ ቤት አትነገርም። ሆኖም አንድ መዛኝ በሥራ ሰዓት፣ መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚናገረው ነገር ተመዝኖ የወጣ ነው ብዬ ስለማምን፣ ቅር ሳይለኝ ቃሉን እንዳለ ተቀብዬ፣ ዕቃውን ገዝቼ ወደ አባቴ ቤት አስጫንኩ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ለሁለቱም ጆሮዎችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ደህና የማይባለውን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አስፍሬዋለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ከምዘና ውጤቶቹ ተረድቻለሁና።

አስቀድሜ አባቴን ላስተዋውቅዎ። አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቤቱ ሦስት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አንድ መስታወትና ከመቀሱ ይልቅ የሚሠራ አንድ ምላስ ነበረው፤ ምላሱ የራሱ ነው። ሰው ፀጉሩ ሳያድግ ለጨዋታው ሲል ይመጣ ነበር። በኋላ ጆሮው ቀስ በቀስ ከዳው። መጀመሪያ የወፎቹን ጫጫታ፣ ቀጥሎ የበሩን ደወል፣ በመጨረሻም «ጫፍ ጫፉን ብቻ» የሚለውን የደንበኛ ቃል አጣ። ሱቁን የዘጋው አንድ ሙሽራ ነው። በሠርጉ ዋዜማ መጥቶ «ጢሜን አደራ፣ እንዳትነካው» ቢለው፣ አባቴ በትሕትና ራሱን ነቅንቆ ሙልጭ አድርጎ ላጨው። ሙሽራው አላለቀሰም፤ እናቱ ግን ለሁለቱም የሚበቃ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ አባቴ መቀሱን ሰቅሏል፤ ራሱን መነቅነቅ ግን አልተወም። የሚናገረው ሰው ከንፈር መንቀሳቀሱን ሲያቆም «አዎ፣ አዎ» ይላል። ከሰው ጋር ላለመጣላት ያገኘው መንገድ ይህ ነው። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ አዎ» ብለው ሰይመውታል፤ ስሙን እስከ ዛሬ አልሰማውም፤ ጆሮው ከዋለለት ጥቂት ውለታዎች አንዱ ይኸው ነው።

ሱቁ ገና ሞቅ ባለበት ዘመን አንድ ደንበኛ አዲስ የገዛውን ቴፕ ለመሞከር ብሎ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓትን ጨዋታ በካሴት ቀድቶ ሰጥቶት ነበር። ካሴቱ ላይ መቀስ ይሰማል። ምሳ ይዛ የመጣችው እናቴ «ይቀዝቅዝና ታያለህ!» ስትል ትሰማለች። አንዱ ደንበኛ «ጋሼ፣ ጆሮዬን እንዳትቆርጠው!» ሲል አባቴ «ምን አስጨነቀህ፣ ብቆርጠው ሚስትህን ከመስማት ትገላገላለህ» ይለዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይናወጣል፤ ከሳቆቹ ሁሉ በላይ የምትሰማው ደግሞ የእናቴ ሳቅ ናት። ክቡር ሆይ፣ እኔ ከዘመናዊው ቴክኖሎጂ የፈለግሁት ይህንኑ ብቻ ነበር፤ አባቴ ያንን ቀልደኛ ሰውዬ፣ የድሮ ራሱን፣ አንዴ እንኳ እንዲሰማው።

ስለ ዋጋው አላነሳም። ሞተር ብስክሌቴን የገዛኝ ጎረቤት በየጠዋቱ ጥሩምባውን እየነፋ ሰላም ብሎኝ ያልፋል፤ እኔም በእግሬ እሄዳለሁ። ለጤና ጥሩ ነው ይባላል።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፦ አምራቹ የሣጥኑ ውስጠኛ ቅርጽ ከባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል የተቀዳ መሆኑን፣ ይህም ቅርጽ በተፈጥሮ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተፈተነ መሆኑን ገልጿል፤ መሥሪያ ቤትዎም «ተረጋግጧል» ብሎ ማኅተሙን አሳርፎበታል። የባሕር ቀንድ አውጣ እንደ እኛ ጆሮ እንደሌለው በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ያሉ መጻሕፍት ሁሉ ይስማማሉ። ስለዚህ ፈተናውን ያለፈው ማንን አስደስቶ እንደሆነ ለማወቅ ብጓጓ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ።

ሁለተኛ፦ ገመዱ ከቤቱ ጋር እስኪላመድ ወራት እንደሚፈልግ፣ እስከዚያ የሚሰማ ጉድለትም ከገመዱ እንግድነት እንጂ ከማጉያው እንዳልሆነ መመሪያው ያስረዳል። ገመድ መላመዱ በምን ይታወቃል ብዬ ብጠይቅ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ የተላከልኝ መልስ «አድማጩ ማማረር ሲተው» የሚል ነበር። ስለ ግልጽነታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚሁ መለኪያ ከሄድን የጥራት ማኅተም የሚገባቸው ብዙ ትዳሮች አውቃለሁ።

ሦስተኛ፦ ማጉያው የሰው ጆሮ ከሚችለው ሦስት እጥፍ የቀጠነ ድምፅ ያወጣል፤ «ጆሮ ባይሰማው ልብ ይሰማዋል» ይላል ጽሑፉ። መጀመሪያ የከፈትኩት ዕለት የጎረቤት ውሻ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም ስላለች፣ ይህችስ እውነት ሳትሆን አትቀርም ብዬ ነበር። ካሴት እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ጨርሶ እንደማይዝ ያነበብኩት በኋላ ነው። ማጉያው የሌለውን ድምፅ በታማኝነት እያሰማ ከሆነ ልዩ ዕቃ ነው፤ ውሻዋ ምን እንደሰማች ግን ለባለሙያዎችዎ ትቻለሁ። በዚሁ አጋጣሚ፣ አምስት መዛኞች ይህንንና አንድ ርካሽ ማጉያ ሰምተው አምስቱም ይህን እንደመረጡ ሳነብ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሯቸው እንደነበር በስልክ ጠይቄ ነበር። ያነሱት ሠራተኛ በጣም ተገርመው «እንዴ፣ ሳይነገራቸው በምን ይለዩት?» አሉኝ። መጋረጃ ቢጋረድስ ብዬ ልቀጥል ስል መስመሩ ተቋረጠ። ምናልባት ገመዱ ገና አልተላመደ ይሆናል።

አራተኛ፦ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀልድ ነው፤ ቀልድ የማይሆንልኝ ይኸኛው ነው። ከገጹ ግርጌ፣ በማኅተምዎ ሥር፣ «ለዕድሜ ጠገብ ጆሮ የጠፉበትን ድምፆች ይመልሳል» የምትል አንዲት መስመር አለች። እኔ የገዛሁት እሷን ነው። ዛጎሉና ገመዱ ምራቂ ነበሩ።

ክቡር ሆይ፣ መሥራቱንም ሠራ። ቀድሞ ሥራ ይበዛብኝና ወላጆቼ ቤት ብቅ የምለው አልፎ አልፎ ነበር፤ ማጉያው ከገባ ወዲህ ግን በየማምሻው ከቤተ መጻሕፍቱ በቀጥታ እመጣለሁ፤ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ የካሴቱን አንድ ገጽ አሰማዋለሁ፤ ሲያልቅ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። ያቺ የጆሮ ቀልድ ስትደርስ ይስቃል፤ ልክ በቦታው፣ ሳይቀድምም ሳይዘገይም። መጀመሪያ ቀን ሲስቅ ወጥቼ በረንዳ ላይ አለቀስኩ። የእርስዎንም መሥሪያ ቤት መረቅሁ፤ ምርቃቱን መልሱልኝ አልልም፤ የወጣ ቃል አይመለስም።

በዚሁ ሰሞን ሁለት መዛኞችዎ፣ ያቺን መስመር ከተጠቃሚዎች አንደበት ለማጣራት፣ ቤታችን ድረስ መጡ። ትሑታን ልጆች ናቸው፤ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሁሉ ነበር። ከአባቴ ፊት ተቀምጠው «አባባ፣ ቀጫጭኑ ድምፅ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማዎታል?» ብለው ጠየቁት። አባቴ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ?» አላቸው። «ከበፊቱ ጋር ሲያነጻጽሩት ለውጥ አለው?» ቢሉት፣ «አዎ፣ አዎ፤ ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ታናሿ እቻትና» ብሎ እኔን አሳያቸው። እነሱም ጻፉ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ፤ ሰው ሲናገር ባይሰማም ማጉያው ሲናገር ይሰማል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበርና፣ በልጆቹ ላይ ልፈርድባቸው አልችልም።

ቀጥሎ በወጣው ውጤት ላይ «የተጠየቁት አረጋውያን በሙሉ አዎንታዊ ምላሽ የሰጡ ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንዱ ፈጣሪን አመስግነዋል» የሚል ሰፍሯል። የማይሰማን ሰው «ይሰማሃል ወይ?» ብሎ በቃል መጠየቅ እንደ ምዘና ዘዴ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም፤ ግኝቱ የመሥሪያ ቤትዎ ስለሆነ እንኳን ደስ አላችሁ። ሌሎቹን አረጋውያን አላውቃቸውም። አንዱን ግን ሰፈሩ ሁሉ በምን ስም እንደሚጠራው ነግሬዎታለሁ።

አምስተኛ፦ ባለፈው ሳምንት እናቴ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሄደች። እንደ ልማዴ ካሴቱን ከፍቼ ሻይ ልቀዳ ገባሁ። ስመለስ ቤቱ ጭጭ ብሏል፤ ቴፑ ካሴቱን በልቶ ቆሟል። አባቴ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ የወንበሩን ክንድ እየመታ፣ ፈገግ እንዳለ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ወደ ማጀቱ በር አየ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ግራ ገባው፤ ከዚያ በግምት ሳቀ። ምንም በሌለበት፣ ብቻውን፣ ከት ብሎ ሳቀ። ቀና ሲል ሻዩን ይዤ እንደቆምኩ አየኝና፣ የማይሰማ ሰው በሚናገርበት በዚያ ከፍ ባለ ድምፅ «ዛሬስ በጣም አጥርቶታል!» አለኝ።

እናቴ ስትመለስ ጠየቅኋት፤ አልካደችም። ያቺ የጆሮ ቀልድ ስትደርስ ማጀቱ በር ላይ ቆማ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ አባቴ በአንድ ዓይኑ ሰርቆ ያያትና ያኔ ይስቃል። «እማዬ፣ ለምን?» ብላት፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም «አንቺ ሞተርሽን ሸጠሽ መጣሽ። እሱ ‹ልጅቷን እንዳናሳዝናት› አለኝ። እኔ መሃል ቤት ምን ላድርግ፣ ሁለታችሁም ታሳዝኑኛላችሁ» አለችኝ። ሽንኩርቱን አመሰግነዋለሁ፤ ለሁለታችንም ምክንያት ሆነልን።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ መሥሪያ ቤትዎ መዝኖ፣ አረጋግጦ፣ ማኅተም ያሳረፈበት መሣሪያ የእናቴ የማጀት ፎጣ ነው። ጥራቱን እኔም እመሰክራለሁ። ታጥቦም ይሠራል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዛጎሉ ይቆይ፤ ገመዱም በሰላም ይላመድ፤ ልብ የሚሰማውን ቀጭን ድምፅም ልብ ያለው ይስማው። ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ብቻ ከማኅተምዎ ሥር ትነሣ። ዛሬ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ ቆሞ እያነበባት ይሆናል፤ እሱም እንደ እኔ የሚሸጠው ነገር አያጣም፤ እሱም ቤት አንድ ሰው ልጁን ላለማሳዘን በግምት ይስቃል።

ጊዜዎን ሰውተው ይህን ረጅም ደብዳቤ ላነበቡበት ትዕግሥት፣ ወይም ሳያነቡት ወደሚመለከተው ክፍል ለሚመሩበት ፍጥነት፣ በቅድሚያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ያረዘመው ዕድሜም እንደ ወጉ ጆሮዎን ሲያደክመው፣ ማለፊያ ልጆች፣ ትሑት መዛኞችና በር ላይ የሚቆምልዎ ሰው አያሳጣዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

የፀጉር አስተካካዩ ታናሽ ልጅ፣
የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እግረኛ

ከፊርማ በኋላ፦ ቅር ካለኝ ዕቃውን ለሻጩ መልሼ ማስረከብ እንደምችል መሥሪያ ቤትዎ በደግነት ጽፎልኛል። ልመልሰው ተነሥቼ ሣጥኖቹን የሚጭን ሰው ሁሉ አነጋግሬ ነበር። ከዚያ በፊት ግን መዛኞችዎ ያላሰቡትን ዘዴ ልሞክር ብዬ፣ በወፍራም እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል «አባዬ፣ ምንም አይሰማህም አይደል? ልመልሰው?» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፤ ቆይቶም ደግሞ አነበበው። ከዚያ «አይሰማኝም» አለኝ። «ግን አትመልሺው። ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ እኮ አጠገቤ ትቀመጫለሽ።»