ጠጣር ነው ያልኩት በረዶ

ይድረስ ለልጄ ለሂልያ፤

ይህ ወረቀት በየትኛው ወደብ ላይ እንደሚደርስሽ አላውቅምና ሰላምታዬ በሁሉም ወደብ ይጠብቅሽ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? የቀኝ ክንድሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ድስት ስታነሺ ይወጋሻል? መርከቡ ላይ ለሃያ ስምንት ወንዶች እያበሰልሽ አንቺ ራስሽ ተቀምጠሽ ትበያለሽ ወይስ ቆመሽ ቀምሰሽ ነው የምትውዪው? እንቅልፍሽስ? ታላቁ ሐይቅ በዚህ ወር ክፉ ነው። በሬዲዮ ማዕበል መጣ በተባለ ቁጥር ብድግ ብዬ ሬዲዮውን አጠፋለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ መልሼ እከፍተዋለሁ።

እኛ ደህና ነን። ልጅሽ ሳይሚ ደህና ናት። ይህን ሁለቴ አንብቢው፤ ሳይሚ ደህና ናት፣ አሁን ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጣ በሄል የተጋገረውን ዳቦ ቅርፊቱን እየላጠች ትበላለች። አስቀድሜ የነገርኩሽ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው። መደበቅ እችል ነበር፤ ግን የአንቺ እርዳታ ያስፈልገኛል፣ እውነቱን ሳልነግርሽ ደግሞ ልትረጂኝ አትችዪም።

የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል አዲሷ መምህርት ሚስ ፔንሄል ባለፈው ሳምንት ቤቴ ድረስ መጥታ ነበር። ልጆቹን ስለ ጠጣር፣ ስለ ፈሳሽና ስለ ጋዝ ልታስተምር መሆኑን ነገረችኝና «አባባ ቫይኖ፣ ሠላሳ ዓመት ከማዕድን ማውጫው የእንፋሎት ቦይለር ጋር የኖሩት እርስዎ እያሉ እኔ ሥዕል እያሳየሁ ባስተምር ነውር ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን እኔ በምናገርበት ጊዜ ማንም መሃል እንዳይገባብኝ አስጠነቀቅኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ሦስት ቀን ተዘጋጀሁ። ታውቂያለሽ፣ እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የቦይለር ፈተናውን ያለፍኩት ማንም ሳያስተምረኝ አንዲት መጽሐፍ ገጾቿ እስኪበጣጠሱ አንብቤ ነው። ለብቻው የተማረ ሰው ያወቃትን ነገር በጣም አጥብቆ ይይዛታል፤ የሚያርመው ሰው ኖሮት አያውቅማ። ይህን ዛሬ ነው የምጽፈው፤ የዛሬ ሳምንት ብትነግሪኝ ኖሮ እቆጣሽ ነበር።

ሰኞ ዕለት አንድ ባልዲ ውኃ፣ አንድ ማንቆርቆሪያና በጆንያ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ በረዶ ይዤ ሄድኩ። በረዶው ባለፈው ክረምት ከመንደራችን ትንሽ ሐይቅ ቆርጬ በጎተራው ሰጋቱራ ውስጥ ያቆየሁት ነው፤ «ፍሪጅ እያለልህ ሰጋቱራ ትቆፍራለህ» እያልሽ የምትስቂብኝ ያው በረዶ። ልጆቹ አሥራ አንድ ናቸው። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውና ውስጥ አባታቸው ድንጋዩ ላይ ውኃ ሲደፋ ጆሯቸውን የሚነክሳቸው ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እንፋሎት!» አሉ በአንድ ድምፅ። ውኃ ወደ ጋዝ ሲለወጥ እንፋሎት ይባላል፣ ጋዝ የተለቀቀበትን ክፍል ሁሉ ይሞላል፣ አልኳቸው። የጎረቤታችን የኢምፒ የልጅ ልጅ ኦስሞ እጁን አውጥቶ «አባባ ቫይኖ፣ ፈስም ጋዝ ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሚስ ፔንሄል አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «ነው» አልኩት፤ «ለዚህ ነው ከፊት የተቀመጠው ጥፋት ሠርቶ ከኋላ ያለው የሚቀጣው።»

ሳይሚም ጠየቀችኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ አያዬ እንዳትለኝ አስጠንቅቄያት ነበር፤ ረሳችው። «አያዬ፣ ስኳር ከኩባያ ወደ ኩባያ ሲገለበጥ ይፈስሳል፤ ታዲያ ለምን ፈሳሽ አይባልም?» አለችኝ። ከመምህርቷ ስኳር ተቀብዬ አንዲት ቅንጣት ጣቷ ላይ አስቀመጥኩላትና ቅርጿን ለቅቃ እንደሆነ ጠየቅኳት። «አልለቀቀችም» አለች። «እንግዲያው ጠጣር ናት፤ ሺህም ብትሆን ጠጣር ናት» አልኳት። ስትረታ የምታሳየውን ፊት ታውቂው የለ፣ ንዴትም ደስታም ያለበትን፤ እንደዚያ ሆና ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው የጎዳኝ። በረዶውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ እየወጡ በቦት ጫማቸው እንዲረግጡት አደረግሁ። ሰመጡ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ «አልሰመጥንም!» አሉ። ለምን? «ጠጣር ስለሆነ!» ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ጠጣር ነገር ከእግር ሥር አይሸሽም» ብዬ ጻፍኩና ደብተራቸው ላይ አስገለበጥኳቸው። ሚስ ፔንሄል ከጥግ ሆና «ቀጭን ከሆነ ግን...» ብላ ጀመረች። እጄን አንሥቼ አቆምኳት። «ቀጭንም ጠጣር ነው፣ ሚስ ፔንሄል። ባንድ ጊዜ አንድ ነገር» አልኳት፤ በልጆቹ ፊት። ፊቷ ቀላ።

ቀጭን በረዶ ምን እንደሚያደርግ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የሐይቁን ነገር አባት ልጁን ዳር አቁሞ ያስተምረዋል፣ ትምህርት ቤት ደግሞ የመጽሐፉን ይማራል፣ ሁለቱ አይደባለቁም ብዬ ነው። አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። አንቺ እዚህ ስላደግሽ ሥርዓቱን ታውቂያለሽ። ሽማግሌው በድጅኖ በስቶ ይለካል፤ አራት ጣት ከሆነ የጥድ ቅርንጫፍ ዳር ላይ ይተክላል፤ ያን ጊዜ ሐይቁ ተከፈተ ይባላል። ከዚያ በፊት ውሻ እንኳ አይወጣበትም። በረዶ የሚቆረጠው ቅርንጫፉ ከተተከለ በኋላ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅርንጫፉን የምተክለው እኔ ነኝ። እንግዲህ የሰባት ዓመት ልጅ ሐይቁን የሚከፍተው ሰው የተቆረጠ በረዶ ተሸክሞ ክፍል ሲገባ ብታይ ምን ትላለች? ይህ በረዶ የዓምናው ነው አላልኳቸውም። ማንም የሚያውቀው ነገር መስሎኝ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ድጅኖዬን ይዤ ልለካ ወረድኩ። አንድ ጣት ተኩል። ቀና ስል ከኢምፒ የጀልባ ማሰሪያ ጀምሮ በሐይቁ በረዶ ላይ በተነጠፈው አመዳይ የትንሽ ቦት ጫማ ዱካ አየሁ። ቀጥ ብሎ ወደ ትልቁ ድንጋይ ይሄዳል። ከድንጋዩ ወዲያ ነፋሱ አመዳዩን ጠርጎታል፤ መመለሻ ዱካ የለም። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ገና ያልረጋ ጥቁር ውኃ ይታያል። ሂልያ፣ ጮህኩ። ማንን ብዬ እንደምጣራ ስላላወቅሁ የአሥራ አንዱንም ስም ጠራሁ። ከዚያ በየቤቱ ሮጥኩ፤ እኔ፣ በዚህ ጉልበቴ።

መጀመሪያ ኢምፒ ጋ ገባሁ። «ምነው ቫይኖ፣ ፊትህ ኖራ መስሏል፤ ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ። ኦስሞ ጠረጴዛ ሥር ከድመቷ ጋር ነበር። አንዴ አቅፌ ለቀቅኩትና ወጣሁ፤ ከኋላዬ «ጠጥቷል ልበል?» ስትል ሰማኋት። ሌላ ቤት ሄድኩ፣ ሌላ ቤት። አሥሩንም በዓይኔ አየሁ። አሥራ አንደኛዋን አልቆጠርኩም ነበር፤ የእኔይቱ ቤት ናት፣ የእኔይቱ ይህን አታደርግም ብዬ። ወደ ቤት ስመለስ ቦት ጫማዋ ምድጃው አጠገብ ውኃ እያንጠባጠበ ነበር።

እሷ እንደሆነች ጠየቅኳት። አልዋሸችም፤ ዋሽታ አታውቅም። «እስከ ድንጋዩ ሄጄ በሌላ በኩል ወጣሁ» አለችኝ። ማን ፈቀደልሽ አልኳት። «አንተ ነሃ! በረዶ ቆርጠህ አምጥተህ የለ? ሐይቁ ካልተከፈተ በረዶ አይቆረጥም» አለች። የዓምናው እንደሆነ ስነግራት «ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» አለችኝ። ቦት ጫማውን ታቅፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ሚስ ፔንሄል ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። በሰባ አራት ዓመቴ ስሳሳት የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ተሳስቻለሁ ብዬ አፍ አውጥቼ ስናገር ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፤ አልተኩራራችብኝም። ዓርብ ልጆቹን ሁሉ ሐይቁ ዳር አመጣቻቸው፤ ገመድና ብርድ ልብስም ይዛ ነበር። እኔ በፊታቸው ቆሜ ያስተማርኳችሁ ጎደሎ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልኩ። ድጅኖውን አንድ ጊዜ ብመታው በረዶው ተበስቶ ውኃው ገንፍሎ ወጣ። ኦስሞ «እናቴ ድረሽ!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ደብተራቸውን አስወጥቼ ያንን መሥመር አሰረዝኳቸው፤ «ወፍራሙ ይሸከማል፣ ቀጭኑ ይሰበራል» የሚለውን አስጻፍኳቸው። አሥሩ ሰረዙ።

ሳይሚ አልሰረዘችም። «በብረት መታኸው እኮ። ብረት ደግሞ ከበረዶ ይጠነክራል። እኔ አልመታውም፣ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው» አለችኝ። እሺ ብዬ ከነልብሴ ዳሩ ላይ ወጣሁ፤ ሁለተኛውን እርምጃ ሳልጨርስ ተሰብሮ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ልጆቹ ጮኹ፤ መምህርቷ በገመዱ ጎተተችኝ። ሳይሚ አላለቀሰችም። «አንተ ከባድ ነህ አያዬ። እኔ ሃምሳ ፓውንድ እንኳ አልሞላም» አለች። የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ከእኔ ቃል ጋር የሚከራከረው እግሯ ነው። እግሯ ሞክሮታል፣ በረዶውም ይዟታል።

ቤት ገብተን እግሬን በፎጣ ስታሽልኝ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ እንደ ትልቅ ሰው አጽናናችኝ። «አይዞህ አያዬ። ሚስ ፔንሄል ናት ያስገደደችህ፣ አውቄያለሁ። ለማንም አልናገርም። አንተ አንዴ የተናገርከውን አትለውጥም» አለችኝ።

እኔ ነኝ እንዲህ ያሳደግኳት። አንቺንም እንዲሁ ነበር ያሳደግሁሽ፤ አንቺ ግን በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ተጣልተሽኝ መርከብ ላይ ወጣሽና ዳንሽ። እሷ አልተጣላችኝም። ታምነኛለች። ያመነችው ደግሞ የተሳሳትኩበትን ነው፤ ማረሚያዬን ሁሉ ሰው አስገድዶኝ የተናገርኩት አድርጋ ትሰማዋለች። ቁጣም ሞከርኩ፣ ልመናም ሞከርኩ። ለመንኳት ስልሽ አትሳቂ። ልመናዬ ይልቁን አስገደዱት የሚለውን ሐሳቧን አጠናከረው፤ ለምኜ አላውቅማ።

አሁን ቦት ጫማዋን ቆልፌበታለሁ። ጠዋት ኢምፒ በመኪና ትወስዳታለች፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በር ላይ ቆሜ እጇን ይዤ እመልሳታለሁ። ቅርንጫፉ እስኪተከል ድረስ ከሐይቁ ዳር አልርቅም። ግን ልጅን ስንት ቀን እጇን ይዞ መኖር ይቻላል? ሳስነጥስ እንኳ ዘወር ብዬ አያታለሁ።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጻፊላት። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ፣ በስሟ፣ በራስሽ እጅ። አንቺ በየክረምቱ መርከቡ በረዶ ሲሰብር ከማድ ቤቱ መስኮት ታያለሽ፤ ስለ መርከብ የምትነግሪያትን ሁሉ ታምናለች። አያትሽ ተሳስቷል በያት። አለስልሰሽ አትጻፊው። አባቴ ግትር ነው፣ ሲሳሳትም እንደ ልክ ሰው ይናገራል፣ እኔንም አሳስቶኝ ያውቃል በያት። ምሳሌ ካስፈለገሽ ብዙ አለሽ፤ የፈለግሽውን ምረጪ፣ አልቀየምም። ማንም አላስገደደውም፣ በገዛ ራሱ ነው የተመለሰው በያት። ይህን ከአንቺ ካልሰማች ከማንም አትሰማም።

ኢምፒ ሰላም ብላሻለች፤ የሱፍ ካልሲ ሠርታልሽ ከዚህ ጋር ልካለች። ሚስ ፔንሄል ሳታውቅሽ ሰላም ይበሉልኝ ብላለች። ኦስሞ መርከብ ላይ ጋዙ ወዴት እንደሚወጣ ጠይቅልኝ ብሏል። ሳይሚ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፤ መርከቡን ሥላልሻለች፣ ወረቀቱ ከውስጥ ነው። ዋናውን ወጥ ሠሪ ሽማግሌውን፣ ክፍል የምትጋሪያትን ልጅና ካፒቴኑን ሰላም በይልኝ። እኔም አባትሽ በጉንጭሽ እስምሻለሁ፤ አምላክ ከማዕበሉ ይሰውርሽ።

ዛሬ ጠዋት ስለካው ሁለት ጣት ሆኗል። ደብዳቤሽ እዚህ ለመድረስ ስምንት ቀን ይፈጅበታል፤ በዚህ ብርድ ደግሞ በስምንት ቀን አራት ጣት ይሞላል። ሌላው ሰው ይህን ሰምቶ ደስ ይለዋል። እኔን ግን ያስፈራኛል፤ በረዶው ከደብዳቤሽ ቀድሞ ከጠነከረ ለዘንድሮ ይሸከማታልና «ልክ ነበርኩ» ብላ ታድጋለች፤ ለከርሞም በአንድ ጣት ተኩሉ ላይ ትወጣለች። ይህ በደረሰሽ ዕለት፣ የዛሬውን ዛሬ ጻፊ።

ኩሴላ መንደር፣ ሰሜን ሚሺጋን
እሑድ ዲሴምበር 2 ቀን 1979
አባትሽ ቫይኖ