ሰይድዬ፣ ካሴትህ ረታች

ለውዱ ባለቤቴ፣ ለሰይድ፤

አላህ ማረፊያህን ጀነት ያድርገው። ከተለያየን አምስተኛው ክረምት ገባ። ሐይቁ ሞልቶ አንተ ታንኳህን ታስርበት ከነበረው ዛፍ ሥር ደርሷል። ዛሬ የምጽፍልህ ለለቅሶ አይደለም፤ ለለቅሶ ሌላ ቀን አለን። የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት፤ ምስር ብዪ በለኝ። ድምፅህን ቀምተውህ ነበር፤ አስመለስነው።

አንተ የሄድከው ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሲጨፍር ነበር፤ ደግ ጊዜ መርጠህ ሄድክ። ከዚያ ጦርነቱ እዚሁ ሐይቅ ድረስ መጣ። እኔና ልጃችን ሀያት ወደ ደሴ ሸሸን፤ ከደሴም አለፍን። ጎረቤት ሁሉ እህል ሲሸክፍ፣ እኔ እንድሪስ ሲዳር የዘፈንክባትን ካሴት በመቀነቴ ቋጥሬ ወጣሁ። ሀያት ካሴት ይበላል ወይ እያለች መንገዱን ሙሉ ስትቆጣኝ ነበር። ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ ቴፑ ተወስዶ፣ ክራርህ ተሰባብሮ አገኘነው። ካንተ ዘፈን የተረፈን እኔ ወገብ ላይ ያለው ብቻ ነበር።

ያን ሠርግ መቼም አትረሳውም። ተቀበል እያለ ግጥም የማይወረውርልህ ሰው አልነበረም። አንተም አመልህ ነውና፣ የተሰጠህን ከዘፈንክ በኋላ ክራሩን ገታ አድርገህ የሰጪውን ስም ጠርተህ ታመሰግናለህ። የሰው ግጥም ስሙን ሳይጠሩ መብላት ሐራም ነው ትል ነበር። እኔ ደግሞ ዘፈን ነው ወይስ የእድር ስም ጥሪ፣ ምናለ ሳታቋርጥ ብታወርደው እያልኩ እጨቀጭቅህ ነበር። ከሰው ያልተቀበልካት የመጨረሻዋን ብቻ ነው፦

አምባሰል ገደሉ ቢያስፈራም መንገዱ፣
ዘይነብን ከሐይቅ ዳር ጥለው አይነጉዱ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ በሻሼ ፊቴን ሸፈንኩ። ጥለው አይነጉዱ ያልከው ሰውዬ ግን ቀድመኸኝ ነጎድክ፤ እሱን ስንገናኝ እንነጋገርበታለን።

ካሴቷ ያኔ ከቤት ቤት እየተገለበጠች ደሴ ስትገባ፣ ድምፄ እግር አወጣ ብለህ ስቀህ ነበር። ደስታህ ልክ ነበር። የሚገለብጣት ሁሉ የሰይድ ካሴት ብሎ ነበር የሚገለብጣት። የዛሬው ሌላ ነው። ሀያት ካሴቷን ደሴ ወስዳ ወደ ኮምፒውተር አስገለበጠችና ዩቲዩብ ላይ ጫነችው። ብዙም ሳይቆይ የሌላ ሰው ንብረት ነው የሚል መልእክት መጣና ዘፈኑ ወረደ። ብንፈልግ አንድ ቻናል አንተኑ ቀድሞን ጭኖሃል፤ ድምፁ ያንተ፣ ፎቶው ጥቁር መነጽር ያደረገ የማናውቀው ጎረምሳ። ባለቤቱ ሌባ ተባልክ፣ ሰይድዬ! የጠራሃቸውን ስሞች አንድ ሳያስቀሩ ቆርጠው አውጥተዋቸዋል። ዘፈኑ ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ ልክ እኔ ስመኘው እንደኖርኩት።

የረታናቸውም በዚያው ነው። ሀያት የቆረጡት እኛ ጋ አለ፣ ካሴቷን ከነስሞቹ ሙሉውን ለዩቲዩብ እንላክ አለች። እኔም በሕይወት ያሉትን ግጥም ሰጪዎች እንድሪስ ግቢ ሰበሰብኳቸው። ካሴቷ በስልክ ስትከፈት እንድሪስ ያኔ ግጥም ሲሰጥህ የነበረውን የራሱን ድምፅ ሰምቶ ይህ ጫጩት ደግሞ የማን ነው አለ፤ ያኔ ሙሽራ ነበር፣ ዛሬ አያት ሆኗል። ቄስ ገብረየስ ያኔ ዲያቆን ነበሩ። የፍቅር ግጥማቸውን ምእመን እንዳይሰማቸው አቀርቅረው፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፉ ደገሙት። የሙሐመድን ግጥም ልጁ አለችልን፤ እሱ አንተ ዘንድ ነው፣ ሰላም በልልኝ። ሀያት ሁሉንም እየቀረጸች ከካሴቱ ጋር ላከችው።

ሳምንታት ጠበቅን። አንድ ቀን ገበያ ሳለሁ ሀያት ስልኳን ወደ ላይ ይዛ እየሮጠች መጣች። የጎረምሳው ወርዷል፤ ያንተ ተመልሷል፤ ስምህም ከላይ አለ። ገበያው መሀል እልል አልኩ! ቲማቲም ሻጯም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራኝ እልል አለች።

ቀጥሎ የግጥሙ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ ነበር። ሀያት አባቴ ብላ ልትሞላው ስትል እጇን ያዝኩ። ለሌላው ሐራም ያልከውን በስምህ አላደርገውም። አሁን ከዘፈኑ ሥር የሰጡህ ሰዎች ሁሉ ስም ተጽፏል፤ የሞቱትም አልቀሩም። የመጨረሻዋ ግጥም ዘንድ ያንተ ብቻ አለ።

እነዚያ ስም ቆራጮች አንድ ስም አምልጧቸው ነበር፤ በዜማው ውስጥ ስላስገባኸኝ እኔን መቁረጥ አልቻሉም። ዛሬ የማላውቀው አገር ያለ ሰው ስልኩን ከፍቶ ስትጠራኝ ይሰማል። ያኔ ፊቴን ሸፍኜ ዝም አልኩህ። ከእንግዲህ ግን ቃሌ ይህ ነው፤ ነፍሴ እስካለች፣ ሠርግ ቤትም ሆነ ሰው የሞላው መኪና ውስጥ፣ ያቺ ግጥም በደረሰች ቁጥር ድምፄን ከፍ አድርጌ አቤት ሰይድዬ እላለሁ።

ዘይነብህ