ስለ አክስቴ ስለ እልፍነሽ ሕመም

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ገብረወልድ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎንስ ተሻለዎት? እናቴስ እንዴት ናት? እኛ ከእኔ ሕመም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ከመስከረም ወዲህ ማታ ማታ ትኩሳት ይነሣብኛል፤ ገላዬ ቀይ ሽፍ ይላል፤ ጉልበቴና የእጄ አንጓ ያብጣሉ። ሶደሬ ፍል ውኃ ገብቼ ነበር፤ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም መገጣጠሚያ የሚያስቆጣ፣ ከስንት ሺህ ሰው መካከል አንዱን የሚይዝ በሽታ ነው፣ አይጋባም አለኝ። በዘር ይተላለፋል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ሲይዝ እምብዛም አላየንም፣ ፈጽሞ አይሆንም ብዬ ግን አልምልልሽም አለ። ከቤተሰብሽ እንዲህ ያመመው አለ ወይ ብሎም ጠየቀኝ። ሳላስብ የለም አልኩት።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ከወለንጪቲ፣ እኛ ዘንድ የምትኖረውን እኅቴን ዘርፉን ለልጃቸው ለፉፋ ሊጠይቁ ሽማግሎች መጡ። የቤቱ ሰው መክሮ እኔን ጎረቤታችን እትዬ አረጋሽ ዘንድ ሸሸገኝ። ሽማግሌው ኦቦ ሰንበታ እንደ ደንቡ በዘራችሁ ደዌ አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ባሌ ገሠሠም የለም ብሎ ሲምል በግድግዳው ሰማሁ። ያን ጊዜ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ የምትገባው እኅትዎ እልፍነሽ፣ ያ የተቆለመመ ጣቷ፣ ፊቴ ድቅን አለ። እኛ ልጆች ምች ነው ስንባል ነው ያደግነው። በእርስዎም በራሴም ተናደድኩ። ምርኩዜን ይዤ ገባሁና ታማሚዋ እኔ ነኝ አልኳቸው።

ኦቦ ሰንበታ አልተቆጡም። ሰው ነው ይታመማል፣ ለምን ሸሸጋችሁብን አሉ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ሳይገባ አባትየው ስለ ዘሩ ያለውን ጽፎ ያሳውቀን ብለው፣ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነሡ። ዘርፉ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰችም።

አባቴ፣ እልፍነሽን እንዴት ጀመራት? ትኩሳቱስ ነበረባት? ከእርስዎ በፊት ከነበሩትስ እንዲህ የሆነ ሰው አለ? ሠርጉ ይፈርሳል ብለው ነገሩን እንዳያለዝቡብኝ። እጄ ብዕር አልይዝ ስላለኝ ይህን የምትጽፍልኝ ራሷ ዘርፉ ናት። እዚህ ላይ ስትደርስ አለቀሰችና የእኔንም ቃል ልጨምርበት አለችኝ፤ ቢከፋም ከማግባቴና ከመውለዴ በፊት ልወቀው ትላለች።

ለእናቴ፣ ለወንድሜ ለአብተው ከነልጆቹ፣ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለአክስቴ ለእልፍነሽም። እስከ ዛሬ በጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ ስሟን አንሥቼ አላውቅም፤ አፈርኩ። ጓዳ ድረስ ገብተው ይህን ራስዎ ያንብቡላት። ማታ ማታ ሲብስባት ምን እንደሚያስታግስላት ትንገረኝ።

ልጅዎ ተሻለች ገብረወልድ
ናዝሬት፣ ታኅሣሥ ፳፭ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.