አጥሩ ሳይነካ ገንዳው ይውጣ ስለተባለው ጉዳይ

ለተከበሩ የግቢያችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። በተለይ ወገብዎና ጉልበትዎ ደህና እንዲሆኑልዎ እመኛለሁ፤ ይህንንም የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ወገብና ጉልበት ሰውን ሲከዱ ምን እንደሚመስል እኔና ታላቅ እህቴ ጠንቅቀን ስለምናውቀው ለጠላት እንኳን አንመኘውም፤ ለሊቀመንበራችንማ እንዴት አድርገን።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። የእርስዎ ሦስት ደብዳቤዎች ግቢው ሁሉ ቆሞ እንዲያነባቸው በቤቴ በር ላይ ስለተለጠፉ፣ መልሱም በአደባባይ ቢውል ደንብ ነው ብዬ ነው። ጥበቃችን፣ ሁላችንም «ሰዓቱ» የምንለው ሰውዬ፣ ሦስተኛውን ሲለጥፍ አይኔን ማየት አቅቶት «እማማ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» ብሎኛል። እሱን አልተቀየምኩትም።

ለማያውቁን ነዋሪዎች ልናገር። እኔ በሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት አንሶላ ያጠብኩ ሴት ነኝ። እትዬ፣ ታላቅ እህቴን እንዲህ ነው የምጠራት፣ እዚያው ከጎኔ በመተኮሻው ማሽን ፊት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆማለች። ቆማለች ያልኩት ወንበር ስላልነበረ ነው። ሥራችን ምድር ቤት ስለነበር ሐኪሙም ታማሚውም እኛ መኖራችንን የሚያውቀው አንሶላ ሲዘገይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ምስጋና ደረጃውን ወርዶ እኛ ዘንድ የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተን በቤት ቁጥር አሥራ አራት እንኖራለን። የእትዬ ዳሌና ጉልበት ግን ከእሷ ጋር ጡረታ አልወጣም። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ግድግዳ ተደግፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሽንት ቤት እስክትደርስ ሦስት ቦታ ታርፋለች። ሐኪሟ በየቀኑ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንድትቀመጥ መከራት፤ እኛም ተማክረን ጃኩዚ የሚሉትን የሙቅ ውሃ ገንዳ ገዛን። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ከሙቅ ውሃ አጠገብ ቆሜ ስኖር አንድም ቀን ውስጡ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ይህ ነው እንግዲህ ሦስት ደብዳቤ ያስጻፈው ወንጀላችን፤ ቅሬታዬንም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ አጥሩ። ገንዳው የሚያርፍበትን ቦታ የለካሁት በአንሶላ ነው። የእኔ ሜትር አንሶላ ነው፤ አንድ የሆስፒታል አንሶላ በቁመቱ ዘርግቼ ገንዳው በትክክል እንደሚያርፍ አረጋገጥኩና በራሴ ኮራሁ። እዚያ ለመድረስ በአጥራችን በር ማለፍ እንዳለበት ግን ጨርሶ አልታሰበኝም። ገንዳው በጭነት መኪና ሲመጣ በሩ ላይ ቀረ፤ ስድስት ሰው አጋደመው፣ አቆመው፣ እየማለ ገፋው፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ግንበኛ ጠርቼ ከአጥሩ ላይ አሥራ ሁለት ብሎኬት አስነሳሁ። ሳላስፈቅድ ማስነሳቴ ስህተት ነው፤ አምኛለሁ። እርስዎም በመጀመሪያው ደብዳቤዎ አጥሩን በሰባት ቀን ውስጥ ወደነበረበት እንድመልስ ሲያዙኝ በአራተኛው ቀን አስጨርሻለሁ፤ ቀለሙ እንኳን ከድሮው የተሻለ ነው። ኮሚቴው መጥቶ፣ በእጁ ዳብሶ፣ «በአግባቡ ተሠርቷል» የሚል ወረቀት ከነማኅተሙ ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ። ያ ወረቀት ከዚህ በታች ስለሚያስፈልገን ያስታውሱልኝ።

፪ኛ፤ ስለ አረፋው። እዚህ ላይ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፤ ከእርስዎ በቀር የሚስቅበት ሰው እንዳልጠፋም አውቃለሁ። የገንዳው መመሪያ ውሃ ሙሉ፣ የተሰጣችሁን ኬሚካል ጨምሩ፣ አብሩ ይላል። እኔ ግን ሰው የሚተኛበትን ነገር ሳላጥብ አሳልፌ ስለማላውቅ፣ ሰው የሚቀመጥበትንም ሳላጥብ አላሳልፍም አልኩና ሁለት እፍኝ የዱቄት ሳሙና በትኜ ፓምፑን አስነሳሁት። በእኛ ማሽን ሁለት እፍኝ ሳሙና ለአርባ አንሶላ አይበቃም ነበር፤ ይህኛው ግን ከሥር አየር የሚነፋ ኖሯል። አረፋው ገንዳውን ሞላ፣ ፈሰሰ፣ ያን ጊዜ ገና ባልተጠገነው አጥር በኩል ወጣና ኮሚቴው ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ስለ ግቢ ጽዳት ወደሚመክርበት አግዳሚ ወንበር አመራ። እርስዎ መዝገቡን በሁለት እጅዎ ከፍ አድርገው፣ ጫማዎ እስከ ማሰሪያው ሰምጦ፣ «ኧረ ሰዎች፣ ይሄ ነገር ከየት ነው?» ሲሉ የሰማሁት በመስኮት ነው። ወዲያው ወጥቼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ጫማዎን ላጥብ ብልም አልፈቀዱልኝም። ስብሰባው «በድንገተኛ የአየር ጠባይ ምክንያት» ተቋረጠ ተብሎ በቃለ ጉባኤ መያዙን ስሰማ ግን ክብሬን ስለጠበቁልኝ ተደስቻለሁ። አግዳሚ ወንበሩም ከተሠራ ጀምሮ እንዲያ ነጥቶ አያውቅም።

፫ኛ፤ ስለ አንዲት ቃል። ሁለተኛው ደብዳቤዎ የእኛን ገንዳ «ከነዋሪዎቹ የኑሮ ደረጃ ጋር የማይጣጣም ቅንጦት» ይለዋል። ደብዳቤውን ለእትዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩት። ቤት ቁጥር ሦስት ሁለት መኪና ሲያቆም፣ ቤት ቁጥር ዘጠኝ ጣሪያው ላይ መዝናኛ ሲሠራ ቅንጦት የሚባል ቃል ከኮሚቴው አፍ አልወጣም። ስለዚህ የከፋው ገንዳው ሳይሆን ገንዳው ውስጥ የተቀመጡት ናቸው ማለት ነው። ያጠቡና የተኮሱ ሴቶች እንዴት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጣሉ! የተከበሩ ሊቀመንበር፣ ይህች ቃል አናዳኛለች፤ ንዴቴን በትህትና ልሸፍነው ብሞክርም አልሸፈንልሽ ብሎኛል።

ቅንጦቱ ምን እንደሚመስል ይወቁልኝ። ሳሙናው አምስት ጊዜ ታጥቦ ከወጣ በኋላ፣ አንድ ኤሌክትሪሲያንም የገንዳውን ጭነት የሚችል ብሬከር ከቀየረልን በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬን በሁለት እጄ ይዤ አስገባኋት። ውሃው እስከ ትከሻዋ ደረሰ። እግሯን ዘረጋችና «ለካ እንዲህ ነው» አለች። ስትወጣ እጄን ያዘች፣ ግድግዳውን ግን አልያዘችም። በሦስተኛው ሳምንት ከአልጋዋ ተነስታ አንድም ቦታ ሳታርፍ ሽንት ቤት ደረሰች፤ እዚያ ሆና ስሜን ስትጠራ የወደቀች መስሎኝ እየሮጥኩ ብሄድ ቆማ ትስቃለች። እኔ አለቀስኩ። በኮሚቴው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ይህን የሚከለክል አንቀጽ ካለ ቁጥሩን ይጻፉልኝ።

፬ኛ፤ ስለ ሦስተኛው ደብዳቤ። ይህ ደብዳቤ ገንዳው እስከዚህ ወር የመጨረሻ ቅዳሜ ከግቢው እንዲወጣ ያዛል፤ ከሥሩም «በማናቸውም ምክንያት አጥሩን መንካት ክልክል ነው» የሚል ተሰምሮበታል። ታዛዥ ሰው በመሆኔ ያንኑ ግንበኛ ጠርቼ ትእዛዙን አሳየሁት። በሩን ለካ፣ ገንዳውን ለካ፣ የራሱን አጥር አየ፣ እንደገና በሩን ለካና «እናቴ፣ ይሄ ነገር ወይ ክንፍ ያብቅል ወይ ይሟሟ» አለኝ። አጥሩን ብነካ ማኅተም ያለበትን ወረቀትዎን እጥሳለሁ፤ ባልነካ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤዎን እጥሳለሁ። አንዲት ሴት በአንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ማኅተም እንድታከብር ኮሚቴው ያገኘው ዘዴ ካለ መጥቶ ያሳየን፤ እኛ ውሃ ውስጥ ሆነን እናያለን።

ደብዳቤው ገንዳው በቅዳሜው ካልወጣ ኮሚቴው ወደ ቤታችን የሚገባውን ውሃ እንደሚያስቆርጥም ይገልጻል። ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። እኔ ሥራ ስጀምር ቧንቧው የሚሠራበት ቀን ጥቂት ነበር፤ በባልዲ ውሃ እየቀዳሁ ደረጃ ወርጄ ለመቶ ሃያ አልጋ አጥቤያለሁ። ለአንድ ገንዳ፣ ያውም ለእህቴ፣ በባልዲ መቅዳት አያቅተኝም። ስለዚህ በአጭሩ ላስቀምጠው። ገንዳው አይወጣም። ቅዳሜ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እትዬ በአሥር ሰዓት ትገባለች፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ትወጣለች።

ለጊዜዎ፣ ለሦስቱም ደብዳቤዎችዎ፣ በተለይ ደግሞ አጥራችንን ለሁልጊዜው ስላጸኑልን የከበረ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ደረቅ ጫማና የማይከዳ ጉልበት እመኝልዎታለሁ።

ከቤት ቁጥር አሥራ አራት፣ እስከ ትከሻዋ በአክብሮት የተሞላች፣
ጡረተኛዋ አንሶላ አጣቢ

ግልባጭ፦
ለሰዓቱ፣ በወጉ እንዲለጥፈው፤
ለግንበኛው፣ ሜትሩን ይዞ በተጠንቀቅ እንዲቆይ፤
ለእትዬ፣ እጇ እርጥብ ስለሆነ በቃል ተነብቦላታል።

ማስታወሻ፦ እመለስበታለሁ ያልኩትን ምስጋና ልረሳው ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት የላውንደሪያችን ኃላፊ የታማሚዎችን የአስተያየት መዝገብ ይዛ ምድር ቤት ወረደችና ማሽኑን አስቁማ አነበበችልን፦ «አሥራ አንድ ቀን ታምሜ ስተኛ አንሶላዬ በየቀኑ ንጹሕና ለስላሳ ነበር። ያጠቡትንና የተኮሱትን እጆች አላየኋቸውም፤ ባሉበት ይባረኩ።» እትዬ ገጹን ከነስሙና ከነፊርማው ኮፒ አስደርጋ ከመተኮሻው በላይ ለጠፈችው፤ ጡረታ ስንወጣም ከዚያ ቤት ይዘነው የወጣነው እሱን ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛውን ደብዳቤዎን አጠገቡ ብናስቀምጠው፣ ስሙ ከነአባቱ አንድ፣ ፊርማው ከነጅራቱ አንድ ሆኖ አገኘነው። የተከበሩ ሊቀመንበር፣ እንግዲህ እነዚያ እጆች ያሉት እዚህ ነው፤ ቤት ቁጥር አሥራ አራት። ከሁለቱ ፊርማዎችዎ የትኛውን እንደሚሽሩ እስከ ቅዳሜ ያሳውቁን።