ማፏጨት ክልክል አይደለም

ለናፈቅኩህ አባቴ፣

ከተለየኸን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። የከተማችን የሚዛን ዝናብ እንደሚታወቀው ነው፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መሀል ላይ ሳልህን የሰማሁ እየመሰለኝ ቀና እላለሁ። እማዬ ደህና ናት። ጋቢህን ለማንም አልሰጥም ብላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

ትምህርት ቤትህን ብታየው አታውቀውም። ሙዚቃና ቲያትር ያስጀመርክበት የድሮው የቡና መጋዘን ሊታደስ ነው። ዛሬ ከቴፒም ከማጂም ለመማር የሚመጡ አሉ፤ መድረኩም መብራት ገብቶለታል። አንተ አንድ ክራርና ሁለት ከበሮ ይዘህ ስትጀምር፣ ዝናብ ከጣለ ድምፃችሁ ስለማይሰማ እስኪያባራ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቁ ነበር። እኔ ባዶ ጆንያ ላይ ተኝቼ እሰማችሁ ነበር። ያ ጊዜ ናፈቀኝ፣ አባዬ።

አሁን የትምህርት ቤቱን ታሪክ ለመጽሔት እንድጽፍ ጠየቁኝ። የፉጨቱን ነገር ልጻፈው ወይስ ልተወው ብዬ ስንት ቀን ተጨነቅኩ። እማዬ ሙት ወቃሽ አትሁኚ አለችኝ።

ከጎጃም ስትመጣ ፉጨት ለአንተ ብልግና ነበር፤ ቤት ውስጥ ከሆነማ ሰይጣን ይጠራል። ልጆቹ ከጥግ ጥግ ሲፏጩ ያሾፉብህ መሰለህና ግድግዳው ላይ በዘይት ቀለም «ማፏጨት ክልክል ነው» ብለህ ጻፍክ። በማግስቱ ተማሪህን ወርቅነሽን ስታፏጭ ያዝካትና ከክፍል አባረርካት።

አባቷ ሊጣላኝ ይመጣል ብለህ ስትጠብቅ ቤቱ ጠራህ። ቡናው መሀል አብራችሁ እንደቆማችሁ ወደ ቤቱ አፏጨ፤ ወዲያው ወርቅነሽ በርጩማ ተሸክማ መጣች። ለካ እንግዳ ቆሟል፣ መቀመጫ አምጪ ማለቱ ነበር። ቋንቋቸው ቤንችኛ የቃሉን ትርጉም በድምፅ ከፍና ዝቅ ስለሚለይ በፉጨትም እንደሚነገር ያን ቀን ገባህ። ስትመለስ ቀለምህን አንስተህ «ነው»ን ሰረዝክና «አይደለም» ብለህ ጻፍክ። ይህን ለእንግዳ ሁሉ ስታወራ ሳቁ ሳል እስኪሆንብህ ትስቅ ነበር። አንተ ያልደበቅከውን እኔ ልደብቅ ምን ቤት ነኝ ብዬ ጻፍኩት።

ወርቅነሽ አሁን ርዕሰ መምህርት ናት። ጽሑፉን እየፈራሁ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ያን ቀን ለጓደኛዋ ምን ብላ እንዳፏጨች ነገረችኝ።

«ክራሩ አልተቃኘም፣ ማን ይንገራቸው? ነበር ያልኳት።»

በሳቅ ፈረስኩ። ከዚያ ለአንተ ልነግርህ ወደ ቤት ስሮጥ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ፣ የለህም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ይህን ሳትሰማ መሄድህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቀለም ቀቢዎቹ ያቺን የግድግዳ ጽሑፍህን ሳይነኩ ዙሪያዋን እንዲቀቡ ወርቅነሽ አዝዛለች። እኔም ከሞትክ ጀምሮ ያልነካሁትን ክራርህን ዛሬ ከቤታችን ግድግዳ አወረድኩት። ጅማቶቹ ሁሉ ላልተዋል። አጥብቄ ቃኘሁትና እንድትሰማልኝ ወርቅነሽን ጠራኋት። አንዷን ጅማት አስተካከለችልኝ።

አልረሳህም፣ አባዬ። እኔ እስካለሁ ክራርህ ሳይቃኝ አይውልም።

ልጅህ